የወፈረ ሙጫ

ነጋዴው ቫዮሊኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲገባ እኔ የአንድ ተማሪ ቫዮሊን ድልድይ፣ ክሮቹ የሚያርፉበትን ቁራጭ እንጨት፣ እየሞረድኩ ነበር። ሰውየው የጥንት ዕቃ ይነግዳል። እጁ የገባ ነገር ሁሉ ታሪክ አለው፤ የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ ቢመጣ እንኳን አንድ ጄኔራል ከዝናብ ያመለጠበት ነው ማለቱ አይቀርም። እንደ ልማዱ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዕቃውን ማሞገስ ጀመረ።

«ሁለት መቶ ዓመት» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚያ በታች እንዳትገምቺልኝ።»

«ስታየው ነው ያደገው?» አልኩት።

ሳቀና ጋዜጣውን ገለጠው። የእኔ ሳቅ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

የፊት ክዳኑ ላይ፣ ከታችኛው ጠርዝ ተነስቶ እስከ ግራው የድምፅ ቀዳዳ የሚደርስ አንድ ስንጥቅ አለ። ማን እንደሞላው አላውቅም፤ ማንም ይሁን ማን እጁ ለአጥር ቀለም እንጂ ለእንጨት የተፈጠረ አይደለም። ቫርኒሹ ጠቁሯል፤ አገጭ የሚያርፍበት ቦታ ተበልቷል። ውስጡ የተለጠፈው፣ የአባቴ ስም የነበረበት ወረቀት ተፍቆ ተነስቷል። ይህን ሁሉ ላየ ሰው ሁለት መቶ ዓመት ቢመስለው አይፈረድበትም። እኔ ግን ያን ስንጥቅ ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ እናቱም እኔ ነኝ።

«ምነው፣ ደህና ነሽ?» አለኝ ነጋዴው።

«ጥለኸው ሂድ። ከሳምንት በኋላ ተመለስ» አልኩት፤ አባቴ ሳያየው እንዲወጣልኝ ፈልጌ።

አባቴ በመስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ነበር። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ያኔ ቢላውን አስቀመጠና ምላሱን አነሳ። ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ፣ ስሞርድ በድምፁ ብቻ እየለየ «በዛ»፣ «አነሰ»፣ «እጅሽ ከበደ» ይለኛል። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ልጆች አሳድጌ ድሬያለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን እስካሁን ለማጅ ነኝ። የዚያን ዕለትም ዓይኑ ስለተጨፈነ የተኛ መሰለኝ፤ የሞኝ ነገር።

«አምጪው» አለ።

«ምኑን አባዬ?»

«ጋዜጣው ውስጥ ያለውን።»

ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አላየውም። አውራ ጣቱን በጀርባው ላይ ከላይ ወደ ታች አሳለፈ፤ አንገቱን ጨበጠ፤ ጫፉ ላይ ያለውን ጥቅልል በጠቋሚ ጣቱ ዞረው። ከዚያ እጁ ወደ ክዳኑ ወረደና ስንጥቁን አገኘው። መንቀጥቀጡ ለአፍታ የቆመ መሰለኝ።

«ይሄ የኔ ነው» አለ።

ነጋዴው ፈገግ ብሎ «አባባ፣ ዕድሜ ይስጥዎትና፣ ሁለት መቶ ዓመት ግን ትንሽ…» ሲል አባቴ ዓይኑን ገልጦ አየው። ነጋዴው ቫዮሊኑን ትቶ ወጣ።

አባቴ በሕይወቱ ሠላሳ ሁለት ቫዮሊን ሠርቷል። ሰፈርተኛው «አናጢው» ነው የሚለው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ «መምህር» የሚሉት ይመስለዋል። እንጨቱን ያቀርብለት የነበረው ታናሽ ወንድሙ ነው። አጎቴ እንጨት ነጋዴ ነበር። ለበርና ለመስኮት የሚሆነውን ለመጣ ሁሉ ይሸጣል፤ መጋዘኑ ጣሪያ ሥር ግን ለአባቴ ብቻ የሚያደርቀው ነበረው። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለማንም አያወርደውም። ሲያወርደው ራሱ በትከሻው ተሸክሞ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ከበራችን ላይ «ወንድም ጋሼ! ሙሽራዋን አምጥቻለሁ!» ብሎ ይጮኻል።

እኔን «ሚስማር» ይለኝ ነበር። ቀጭን ነበርኩ፤ ምላሴም ይወጋል። «ወንድም ጋሼ ቫዮሊን ውስጥ አንድም ሚስማር አያስገባም» ይላል፣ «ለካ ያለችውን አንዲቷን ቤቱ አስቀምጧት ነው።» አባቴ በሚስቅ ሰው ላይ እንኳን የሚቆጣ ሰው ነው። በዚህ ቀልድ ግን ሁልጊዜ ይስቅ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ከሥራ በኋላ የሥራ ባንኮው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ቁራጭ እንጨት እየተቀባበሉ እያሸተቱ ሲከራከሩ፣ ከነሱ ሌላ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስላቸውም ነበር።

አሁን ስለ ሙጫ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ሁሉ ሙጫ ነው። ሥራችን የሚጣበቀው ከቆዳ በሚሠራ ሙጫ ነው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ፍል ውሃ ላይ ባስቀመጡት ጣሳ ውስጥ ይቀልጣል። ጀርባውን ከጎኑ የሚይዘው ወፍራም መሆን አለበት። ክዳኑን የሚይዘው ግን ቀጭን ነው፤ ውሃ ይበዛበታል። ለምን ቢሉ፣ እንጨት ይተነፍሳል። ዝናብ ሲሆን ያብጣል፤ ደረቅ ወቅት ሲመጣ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ደግሞ የሆነ ቦታ መልቀቅ አለበት። ሙጫው ቀጭን ከሆነ የክዳኑ ስፌት፣ ከጎኑ ጋር የተጣበቀበት መጋጠሚያ፣ አንድ ጣት ያህል አፉን ይከፍታል፤ ሠሪው መልሶ ያጣብቀዋል፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሙጫው ወፍራም ከሆነ ስፌቱ አይለቅም። ያኔ የሚለቀው እንጨቱ ራሱ ነው። አባቴ ይህን ያስተማረኝ ማንበብና መጻፍ ሳልችል ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ፣ በደረቁ ወራት፣ ከአባቴ ቫዮሊኖች የአንዱ ስፌት ትርዒት መሐል ለቀቀ። ከመድረኩ ላይ የዝንብ ድምፅ የመሰለ ነገር ተሰማ አሉ። በማግስቱ ተጫዋቹ መጣ። ክፍላችን ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። ቫዮሊኑን ባንኮው ላይ ወርወር አድርጎ፣ «በምራቅ ነው እንዴ የምታጣብቀው?» አለው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። አባቴ ሊያስረዳው ጀምሮ ተወው፤ ደንበኞቹ ሲሳሳቁ ሰምቷል። ዝም ብሎ ስፌቱን አጣበቀለትና በሁለት እጁ አቀበለው። የዚያን ቀን ምሳውን አልበላም። እኔም አልበላሁም፤ እኔን የያዘኝ ግን እልህ ነበር።

ያኔ ባንኮው ላይ ሌላ ቫዮሊን ነበረ። አባቴ አሥራ አንድ ወር ለፍቶበታል። እንጨቱን አጎቴ ሲያወርደው «ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ አላገኝልህም ወንድም ጋሼ፤ ይሄ አንድ ነው» ብሎት ነበር። ክዳኑን በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ሲሰማ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር፤ ደስታው እንዳይታይበት። ያዘዘው ሌላ ሰው ነው፤ ስሙ የገነነ፣ በየአዳራሹ ቆመው የሚያጨበጭቡለት ተጫዋች ነው። አባቴ ይህን ቫዮሊን ሠርቶ ቢሞት ግድ አልነበረውም።

ክዳኑ የሚጣበቅበት ቀን የአባቴ ጥርስ አበጠ። ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ። ጠዋት ወደ ሐኪም ሲወጣ ከበሩ ላይ ዞር አለና፣ «ክዳኑን አንቺ አጣብቂው» አለኝ። «ውሃውን ታውቂዋለሽ።» ከዚያ በፊት ክዳን ነክቼ አላውቅም። በዚያች ሰዓት ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ውሃውን አውቀዋለሁ፤ በደንብ አውቀዋለሁ። ግን የዚያ ሰው «በምራቅ ነው እንዴ» ያለው ከጆሮዬ አልወጣም። ይሄኛውን ማንም አፉን እንዳይከፍትበት፣ ማንም ሁለተኛ አባቴን ሰው ፊት እንዳያዋርደው ብዬ፣ ውሃውን በግማሽ ቀነስኩት። በፍቅር ነው ያደረግኩት። ይህን የምለው ይቅር እንድትሉኝ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

እየቀባሁ ሳለ አጎቴ ገባ። ብሩሹን ሳነሳ ሙጫው ሲንጠለጠል አየ።

«ሚስማር፣ ይሄ ሙጫ ነው ማር?» አለኝ።

«ይያዝ ብዬ ነው አጎቴ።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። እንዳትነግርብኝ።»

«እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ሳቀ፤ «እኔ እንጨት ሻጭ ነኝ።» ክዳኑን ገጥሜ ስይዝ፣ እስኪደርቅ የሚጨብጡትን ማጥበቂያዎች አንድ በአንድ አቀበለኝ።

ቫዮሊኑ ሲሰማ ጉድ ተባለ። ተጫዋቹ እዚሁ ክፍል ቆሞ ሲሞክረው፣ የመንገዱ ሰው ከመስኮቱ ውጭ ቆመ። አባቴ ያን ቀን አጎቴን አቅፎ አለቀሰ። አምስት ወር ቆይቶ ደረቁ ወቅት ገባ። ስፌቱ አልለቀቀም። አንድ ጠዋት ተጫዋቹ ሳጥኑን ሲከፍት ክዳኑ ከታች እስከ ድምፅ ቀዳዳው ተሰንጥቆ አገኘው።

ይዞት መጣ። አባቴ «ልክፈተውና ውስጡን ልየው» ብሎ ለመነው። ተጫዋቹ «ሁለተኛ እጅህ አይነካውም» ብሎ ይዞት ወጣ። ከዚያ በኋላ ቫዮሊኑን ነጋዴው በጋዜጣ ጠቅልሎ እስኪያመጣው ድረስ አላየነውም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ አባቴ ወደኔ ዞረ። «ክዳን ያለ ምክንያት አይሰነጠቅም። ወይ ሙጫው ነው፣ ወይ እንጨቱ እርጥብ ነበር» አለ። «ሙጫውን እንደነገርኩሽ ነው ያደረግሽው?»

«አዎ» አልኩ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ። አንድ ቃል ናት፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አባቴ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ልጁ አትዋሽም።

አጎቴን አስጠራው። አጎቴ እየሳቀ ነው የገባው፤ ምን እንደጠበቀው አላወቀም። አባቴ «እርጥብ እንጨት ሰጠኸኝ» አለው። «አሥራ ሁለት ዓመት ያልከኝ ውሸት ነው። ከመጋዘንህ ሥር ያለውን ለበር የሚሆን እንጨት ነው የሸጥክልኝ። ስሜን ገደልከው።» አጎቴ መጀመሪያ የሚቀልድበት መሰለው። ከዚያ ገባው። ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ።

እኔ መስኮቱ ጋ ፍቅፋቂውን እየጠረግኩ ነበር። አስቀድሞ የተጠረገ ወለል ነው። ዓይኑ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ይታወቀኛል። ጠበቀ። እስከ ሠላሳ ድረስ ሊቆጠር የሚችል ጊዜ ጠበቀ። እኔ ወለሉን ጠረግኩ።

«ይሁን ወንድም ጋሼ» አለና ወጣ። ከዚያ ወዲያ በሕይወቱ የበራችንን ደፍ አልረገጠም።

አባቴ ከሌላ ነጋዴ እንጨት ገዝቶ ሁለት ቫዮሊን ሠራና አቆመ። «ዓይኔ እንጨት አያውቅም፤ ወንድሜን እንኳን አላወቅኩም» ይል ነበር። የቀረውን ዕድሜ የሰው ሥራ ሲጠግን ኖረ። ጠዋት ተነስቶ ይጸልያል፤ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው፣ አንድም ቀን የወንድሙን ስም ሳያነሳ። እኔም ከጎኑ ሆኜ ድልድይ እሞርዳለሁ።

በዓመቱ አጎቴን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሊያመልጠኝ አልሞከረም፤ ለማምለጥ የሞከርኩት እኔ ነኝ። ክንዴን ያዘ።

«እንጨቱ ደረቅ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«እኔ አልነግረውም፤ ልጅ ነሽ። ብነግረው እሱ ምን እንደሚያደርግሽ አውቃለሁ፤ ከዚያ ቤት ያስወጣሻል። ያንቺ ነገር ነው፤ አንቺ ትነግሪዋለሽ።»

«እነግረዋለሁ አጎቴ።»

«ጎሽ» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝና ሄደ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሱ መንገድ መሄድ ተውኩ። ወደ ገበያ ስሄድ በዙሪያ እዞራለሁ።

ለምን አልነገርኩትም? መጀመሪያ ፈራሁ። ቀጥሎ አፈርኩ። ከዚያ ረፈደብኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ዝም ብለው የሚጠብቁት ነገር አስመስለው። እኔ ስጠብቅ አጎቴ አረጀ። ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። አባቴ ወደ ቀብሩ አልሄደም፤ ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንድ ቁራጭ እንጨት ሲያሽ ዋለ። እኔ ሄጄ ከረዣዥም ሰዎች ጀርባ ቆምኩ። የአጎቴ ሚስት በሰዉ መሐል አየችኝ። ፊቷን ወደ መቃብሩ መለሰች።

እንግዲህ ነጋዴው ቫዮሊኑን ጥሎ በወጣበት በዚያ ቀን፣ አባቴ ከጭኑ ላይ አላወርደውም አለ። ምሳውንም ይዞት በላ።

«ነገ እንከፍተዋለን» አለኝ።

«ምን ያደርግልናል አባዬ? ስንጥቁን ከላይ ደህና አድርጌ እሞላዋለሁ።»

«ስንጥቁ አይደለም የቸገረኝ። ክዳኑን አላቅቀን ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጠው ይነግረናል። እንጨቱ እርጥብ ከነበረ ይጠባል፤ ይጣመማል፤ ተመልሶ ጎኑ ላይ አይገጥምም። ደረቅ ከነበረ እንደሠራሁት ይቀመጣል።»

«ደረቅ ሆኖ ቢገኝስ?»

«ያኔ ወንድሜን በድዬዋለሁ።»

«አጎቴ እኮ ሞቷል።»

«እኔ ግን አልሞትኩም» አለ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ዘንዶው የት እንደተኛ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እንጨቱ ደረቅ ሆኖ እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ ስፌቱ ደግሞ ለቢላ እንደማይበገር አውቃለሁ። ቀጭን ሙጫ ሲከፈት ጠቅ፣ ጠቅ እያለ በደስታ ነው የሚለቀው። ያ ሙጫ እንዲህ አይልም። አባቴ ደግሞ ጆሮው አልደከመም።

ስለዚህ ምን እንዳደረግኩ ልናገር። በማግስቱ ከምሳ በኋላ አባቴ ጓዳ ገብቶ ጋደም ሲል፣ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁበትና ብቻዬን ልከፍተው ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ሌላ አልነበረም፤ ከፍቼ፣ ያን ሙጫ ፍቄ፣ ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ አጽድቼ ልጠብቀው ነው። ሲነሳ «ይኸው አባዬ፣ እንጨቱ ደረቅ ነበር፤ ተጫዋቹ ፀሐይ ላይ ጥሎት ይሆናል» ልለው። አጎቴም ነጻ ይወጣል፤ እኔም አልነካም። በስድሳ አራት ዓመቴ፣ ነጠላ ሰረዝ ሳልቀይር ያንኑ ውሸት ልደግመው።

ቢላውን አሞቅኩ። በቀጭን ብሩሽ ስፌቱን አረጠብኩ። ከታችኛው ጠርዝ ጀመርኩና ቢላውን አስገብቼ ገፋሁ። አልለቀቀም። ጨመርኩ። ክዳኑ በሙሉ አቃሰተ፤ ረጅም፣ የታመመ ሰው ድምፅ። እጄን ሳብኩ። ድጋሚ ገፋሁ። የእንጨት ስንጣሪ ከሙጫው ጋር ተነቅሎ መጣ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?»

በጓዳው በር ላይ ቆሟል፤ ያለ ጫማ፣ አንድ እጁ መቃኑን ይዞ። ለምን ሳልቀሰቅሰው እንደጀመርኩ አልጠየቀኝም። እየተጎተተ መጥቶ ባንኮውን ደገፈና ቢላውን ከእጄ ወሰደ። በሚንቀጠቀጥ እጁ ስፌቱ ውስጥ አስገብቶ ትንሽ ገፋ። ያው ድምፅ መጣ። ቢላውን አወጣና ምላጩ ላይ የቀረውን ቢጫ ነገር በአውራ ጣቱና በጠቋሚው መሐል አሸው። ጣቶቹ ተጣበቁ።

«ይሄ የክዳን ሙጫ አይደለም» አለ።

ብሩሹን ውሃው ውስጥ አስቀመጥኩ።

«ሙጫውን እንደነገርኩሽ ነው ያደረግሽው?»

አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ያልጠየቀኝን ጥያቄ ጠየቀኝ። በዚያች ቅጽበት «ያ ሌላው ጠጋኝ ይሆናላ፣ ከፍቶት በወፍራም አጣብቆት» ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያምነኝም ነበር። ያስፈራኝም ይሄው ነው፤ ያምነኝ ነበር።

«አይደለም አባዬ» አልኩት። «ውሃውን በግማሽ ቀነስኩት። እንዳይለቅብህ ብዬ ነው። ከዚያ ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ።»

ወንበሩን ሳብኩለት፤ አልተቀመጠም።

«እንጨቱ ደረቅ ነበር» አለ።

«ደረቅ ነበር።»

«አጎትሽ ያውቅ ነበር?»

«ስቀባ አይቶኛል። ማጥበቂያዎቹን ያቀበለኝ እሱ ነው።»

ያኔ ወንበሩ ላይ ወረደ እንጂ አልተቀመጠም። እንዲቆጣ ጠበቅኩ፤ እንዲቆጣ ፈለግኩ። ያነሳውን ቢላ ቢወረውርብኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ድምፁ የማይሰማ ነገር ሲያጉተመትም ቆየና፣ «እዚህ ቆሞ ነበር፤ እኔ ያን ሁሉ ስለው እዚህ ቆሞ ነበር» አለ። «አፉን ቢከፍት አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አንቺንም ገድዬሽ፣ እሱን አቅፌው፣ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር።» ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በዚያው ቫዮሊን።

ላቅፈው እጄን ዘረጋሁ። «አትንኪኝ» አለኝ። ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ «ጫማዬን አምጪ» አለ።

አጎቴ ቤት ሩቅ አይደለም። እግሩ የደከመ ሰው እንኳን በሃያ ደቂቃ ይደርሳል፤ እኛ አንድ ሰዓት ፈጀብን። አባቴ ክንዴን መያዝ አልፈለገም ነበር፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዘኝ። መንገዱን እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሱ አልረሳም። አረንጓዴ የቀለም ሱቅ ያለበት ጥግ ላይ በአገጩ ወደ ግራ አመለከተኝ።

በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። የአጎቴ ሚስት ከፈተች። እጇ የሳሙና አረፋ ነበረበት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። መጀመሪያ አባቴን አየችው። አልገረማትም፤ አልተቆጣችም። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ደፉ ላይ ቆሞ፣ በመንገድ ሁሉ ሲያዘጋጀው የመጣውን ነገር ረስቶት፣ «እንጨቱ ደረቅ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አለች።

«በደልኩት። ምንም ሳያጠፋ በደልኩት። ዛሬ ነው የሰማሁት። ይቅር በይኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲጠብቀኝ…»

«እሱ የጠበቀው እርስዎን አይደለም ጋሼ» አለች።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። ክፋት አልነበረባትም፤ ብዙ ጊዜ ይዛው የደከማት ዕቃ እንደምታስቀምጥ ሴት ነው የነገረችኝ።

«በሩ በተንኳኳ ቁጥር 'ልጅቷ መጣች' ይል ነበር። ወተት አምጪው ሲያንኳኳ፣ ቆጣሪ አንባቢው ሲያንኳኳ። 'አባቷን ይዛ መጥታ ነው፤ ክፈቺላት' ይለኛል። ከፍቼ 'አይደለችም' ማለት ሰለቸኝ። መጨረሻው ላይ፣ አልጋ ከያዘ በኋላ፣ 'እየመጣች ነው፤ መንገድ ላይ ናት' እለው ጀመር። በዚህ ነው የሸኘሁት።»

አባቴ ክንዴን ለቀቀ። የእሷን ክንድ ያዘና፣ ደፉን ቀስ ብሎ ተሻግሮ ገባ። ወደኋላ አላየኝም።

እሷ በሩን እንደያዘች ቀረች።

«ግቢ እንግዲህ» አለችኝ። «መጥተሽ የለ።»

እግሬ አልነሳ አለኝ።